በሥጋ ብቻ የታሰረ እግር

መስከረም ላይ፣ የጋሞ መስቀል ሲደርስ፣ የኦቾሎ መንደርም እንደ ሌላው የጋሞ አገር ሰንጋ ይጥላል። ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሲዋጣ የከረመ ነው። ቆዳው ተገፎ ካለቀ በኋላ ብልት የማውጣቱ ሥራ ለሚያውቅበት ሰው ይተዋል። ያን ጊዜ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። የፊት እግሩ ሲወጣ አንድ ረዳት እግሩን ይዞ ወደ ውጭ ያነሣዋል፤ ባለቢላው በብብቱ በኩል ገብቶ፣ ነጩን ስስ ሽፋን ተከትሎ፣ ቢላውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይስባል። መጥረቢያ አያስፈልገውም፤ አጥንት ሲመታም አይሰማም። ወርቹ ከነጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት እንዳለ እጁ ላይ ይመጣል። የኋላው እግር ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ይከብዳል። ቢላው ዳሌው ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ መፈለግ አለበት፤ ክቡን የአጥንት ራስ ጉድጓዱ ውስጥ አጥብቆ የያዘው ጅማት ካልተበጠሰ እግሩ አይላቀቅም። ዙሪያውን ከሚቆሙት ልጆች አንዱ «ጋሼ፣ የፊተኛው እግር እንዴት እንዲህ ቀለለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የጠየቀው የእንስሳት ሐኪሞች ገና በመጀመሪያ ዓመታቸው የሚማሩትን ነገር ነው።

መልሱ ይህ ነው። የከብት፣ የበግ፣ የፍየል፣ የፈረስና የአህያ የፊት እግር ከቀረው አካል ጋር በአጥንት አይገናኝም።

በእኛ በሰዎች ይገናኛል። ጣትዎን ከጉሮሮዎ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ቦታ ያስነሡና ወደ ትከሻዎ ጫፍ ይውሰዱት፤ ከቆዳው ሥር ቀጭን ዘንግ የመሰለ አጥንት ያገኛሉ። ልጅ ከዛፍ ሲወድቅና በትከሻው ሲያርፍ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እሱ ነው። ሥራው ክንዳችንን ከደረታችን አርቆ መያዝ ነው፤ እጃችንን ወደ ጎን የምንዘረጋውም፣ ገደል ስንወጣ በክንዳችን የምንንጠለጠለውም በእሱ ድጋፍ ነው። በሬ ይህ አጥንት የለውም። ድመት ትንሽ ቅሪት አላት፤ ነገር ግን ከትከሻዋ አጥንት ጋር ስላልተገጠመ ሥጋ ውስጥ እንዲሁ ተቀምጦ የቀረ ነው። ራሷ ባለፈበት ቀዳዳ ትከሻዋም ተጣጥፎ የሚያልፍላት አንድም ለዚህ ነው። ዶሮ ደግሞ ከሁሉም ትለያለች። የግራና የቀኙ አጥንት ደረቷ ፊት ላይ ገጥመው ባላ የመሰለ አንድ አጥንት ሆነዋል። ክንፍ ሲመታ ትከሻውን ደግፎ የሚይዝ ነገር ያስፈልገዋልና።

ታዲያ የበሬውን እግር የያዘው ምንድን ነው? ሥጋ ነው። ብዙ ጡንቻዎች በዚህ ሥራ ይተባበራሉ፤ አንዱ ግን ከሁሉ ይበልጣል። ከጎድን አጥንቶችና ከአንገት አከርካሪ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይነሣና፣ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ የጠፍጣፋው አጥንት አናት ላይ፣ በውስጥ በኩል ይጣበቃል። ግራና ቀኝ አንድ አንድ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ለሚያስብ ሰው አንቀልባ ናቸው። እናት ልጇን ስታዝል አንቀልባው የልጁን ክብደት ከሥር አቅፎ ትከሻዋ ላይ ያንጠለጥለዋል። የበሬውም ደረት በሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል እንዲሁ ታዝሏል። ከታች የፍርምባው ጡንቻ፣ ከላይም እስከ ሻኛው ድረስ ያሉት ጡንቻዎች አንቀልባውን ያግዙታል።

ይህ አንቀልባ የሚሸከመው ቀላል አይደለም። ቆሞ ያለ ከብት ወይም ፈረስ ከክብደቱ 60 በመቶ የሚሆነው ያረፈው በፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ራሱ፣ አንገቱና ሰፊው ደረቱ ሁሉ ወደ ፊት ናቸውና። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ብንወስድ፣ ሁለቱ የፊት እግሮች 180 ኪሎ ገደማ ይዘው ቆመዋል ማለት ነው። የኋላ እግር ዋና ሥራው መግፋት ነው። የፊተኛው ይሸከማል፣ ያቆማል፣ ምቱን ያበርዳል።

ኦቾሎን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። መንደሩ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ የድንጋይ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። እርሻው፣ ሙዙና መንገዱ ታች ሜዳው ላይ ናቸው። እንስሳው ወጥቶ ይወርዳል። ሲወርድ ክብደቱ የባሰ ወደ ፊት ይሸሻል፤ እያንዳንዱ እርምጃ በፊት እግሩ ላይ ማረፍ ይሆናል። ይህ ምት በአጥንት በቀጥታ ወደ ደረቱ ቢተላለፍ ኖሮ ቶሎ ይሰባብረው ነበር። አንቀልባው ግን ይለጠጥና ይቀበለዋል። ከሳ ያለች ላም ወይም ፍየል ቁልቁለት ስትወርድ ከኋላ ሆነው ይመልከቷት። ከጀርባዋ መስመር ግራና ቀኝ ሁለቱ ጠፍጣፋ አጥንቶች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ፣ ይሰምጣሉ። ደረቷ በመካከላቸው ዝቅ ከፍ ይላል። አጥንቱ በጎድኖቿ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት እርምጃዋም ይረዝማል። በአጥንት የታሰረ ትከሻ ይህን አይፈቅድም።

እዚያው ገደል ላይ የፍየሏ ጎረቤት ሽኮኮ ነው፤ የኦቾሎ ሰው በደንብ የሚያውቀው አውሬ። እሱ ሌላ ዘዴ አለው። የውስጥ እግሩ እርጥብና እንደ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ድንጋዩን ሙጥኝ ብሎ ይይዛል። ፍየሏ የምትተማመነው በጠንካራው የሰኮናዋ ጠርዝ፣ በለስላሳው የሰኮናዋ ውስጥና በተንሸራታቹ ትከሻዋ ነው።

አሁን ወርቹን ከላይ ወደ ታች እንመልከተው። ጠፍጣፋው አጥንት ሦስት ማዕዘን ነው። በውጭ ገጹ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሸንተረር አለው፤ ቆዳው ላይ እጅ ሲያሳርፉ የሚገኘው እሱ ነው። የላይኛው ጠርዙ እንደ ጆሮ ለስላሳ ነው። የወይፈን ከሆነ በጥርስ ይቆረጠማል፤ ያረጀ በሬ ከሆነ ደርቆ ወደ አጥንትነት ተለውጧል። የሥጋውን ዕድሜ በዚህ የሚገምቱ አሉ፤ ግምታቸውም መሠረት አለው። ከጠፍጣፋው አጥንት በታች አጭርና ወፍራም የክንድ አጥንት ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው የትከሻው መገጣጠሚያ። ከዚያ ክርኑ ይመጣል፤ ከደረቱ ጋር ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ብዙ ሰው ክርን መሆኑን ልብ አይለውም። ከክርን በታች ያሉት ሁለት አጥንቶች በእኛ ክንድ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ እየዞሩ መዳፋችንን ያገላብጣሉ፤ በበሬና በፈረስ ግን ተጣብቀዋል። ስለዚህ እግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይታጠፋል እንጂ አይገለበጥም።

ከዚያ በታች ያለውን ሁላችንም «ጉልበት» እንለዋለን። ጉልበት ግን አይደለም። የእጅ አንጓ ነው። እኛ አንጓችን ውስጥ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉን፤ በሬ 6፣ ፈረስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 7 አለው። ከአንጓው በታች ያለው ረጅም አጥንት የመዳፋችን አጥንት አቻ ነው። የበሬ እግር ሲቀቀል ይህን አጥንት ከድስቱ አውጥተው ይመልከቱት። ፊት ለፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጭን ቦይ ይታያል፤ የታችኛው ጫፉም ሁለት ራስ ነው። ሁለት የነበሩ አጥንቶች በእናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ገጥመው አንድ ሆነው ነው። ሰኮናው ለሁለት የተከፈለውም ለዚህ ነው፤ በሬ የቆመው በመሃል ጣቱና በቀለበት ጣቱ ጫፍ ላይ ነው። ከኋላ ከፍ ብለው የተንጠለጠሉት ሁለት ትናንሽ ሰኮናዎች የአመልካች ጣቱና የትንሿ ጣቱ ቅሪት ናቸው። ፈረስና አህያ ከዚህም አልፈው በአንድ የመሃል ጣት ላይ ብቻ ቆመዋል፤ ኮቴው የዚያ ጣት ጥፍር ነው። ጠረጴዛ ላይ በመሃል ጣትዎ ጫፍ ብቻ ለመደገፍ ይሞክሩና ስንት ሰከንድ እንደሚችሉ ይዩ።

አንጓውን «ጉልበት» ማለታችን በንግግር ደረጃ አይጎዳም፤ አሠራሩን ማወቅ ግን ይጠቅማል። ከብት ሲተኛ መጀመሪያ በዚህ አንጓው ይንበረከካል። ሲነሣም የኋላውን አስቀድሞ፣ አንጓው ላይ ተደግፎ ነው። ፈረስ በተቃራኒው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ በፊቱ ይነሣል። እንግዲህ ጉዝጓዝ በሌለው ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ የምታድር ላም በቀን ብዙ ጊዜ ክብደቷን በአንጓዋ ላይ ትጥላለች። ቆዳው ይጠነክራል፣ ከሥሩ ውኃ ይቋጥራል፣ ሎሚ ወይም ብርቱካን የሚያህል እብጠት ይወጣል። ብዙ ጊዜ አያማትም፤ ጭድ ወይም ገለባ ከተነጠፈላት ሊቀንስም ይችላል። ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህን እብጠት በምላጭ ወይም በቢላ መብጣት አደጋ አለው። በአፍሪካ ከብቶች ላይ የአንጓ እብጠት አንዳንዴ የብሩሴሎሲስ ምልክት ነው፤ ላምን የሚያስወርደው፣ ያልፈላ ወተት በመጠጣትና የወረደ ጽንስ በባዶ እጅ በመንካት ሰው ላይም የሚመጣው በሽታ ማለት ነው። ከእብጠቱ የሚፈሰው ውኃ ተዋሲያኑን ይይዛል። አንጓዋ ያበጠ ላም ካስወረደች ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ሳያያት መቆየት የለባትም፤ ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ።

ወደ ላይ እንመለስ፣ ቀንበሩ ወደሚያርፍበት። ገደሉ ላይ በሬ መጥመድ አይታሰብም፤ ታች ሜዳው ላይ ግን የሚያርሰው በሬ ነው። ቀንበራችን የሚቀመጠው ከሻኛው ፊት፣ አንገት ላይ ነው። ሻኛ ራሱ የትከሻ ክፍል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠፍጣፋውን አጥንት ከአንገትና ከጀርባ መስመር ጋር የሚያስተሳስረው ጡንቻ ገዝፎና ስብ ተቀላቅሎበት ነው ሻኛ የሆነው። በሬው ሲስብ የኋላ እግሮቹ ይገፋሉ፣ ግፊቱ በአከርካሪው ይሄዳል፣ ሻኛው ከኋላ ሆኖ ቀንበሩን ይመክታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠፍጣፋዎቹ አጥንቶች ከሥሩ እየተንሸራተቱ ነው። ስለዚህ ቀንበሩ የሚያርፈው በየእርምጃው በሚንቀሳቀስ ሥጋ ላይ ነው። ሻካራ እንጨት ወይም አንድ ጎርበጥ ያለ ቦታ ካለበት ቆዳው መፋቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ ከዚያ ገጣባ ይሆናል።

ገጣባ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በእርሻው መጀመሪያ ሳምንት ነው። በጋው ያለፈበት በሬ ከስቷል፤ ሻኛው ወርዷል፣ ከቆዳው ሥር የነበረው ትራስ ጎድሏል። ዝናቡ ሲመጣ በሬው በጣም በከሳበት ሰዓት ይጠመዳል። ቁመታቸው የማይመጣጠን ሁለት በሬዎች ሲጠመዱ ደግሞ ቀንበሩ ያዘነብልና ጫናው በአጭሩ ላይ ይበዛል። ብዙ ወጪ የሌላቸው መፍትሔዎች አሉ። ቀንበሩ አንገቱ የሚያርፍበት ቦታ ሰፋ ተደርጎ ይጠረብ፣ ይለስልስ፤ ማነቆው ቆዳውን ቆንጥጦ የማይዝ ይሁን፤ በሬዎቹ ቁመታቸው ይመጣጠን። ገጣባው ከወጣ በኋላ ላዩ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ማረስ ቁስሉን ያሰፋዋል እንጂ አያድነውም። ማረፍ አለበት። አንድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ ምን ያህል ከባድ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ላይ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአንድ በሬ የሚታረስበት ቀንበር ለመሥራት የሞከረውም የእንዲህ ያለውን ገበሬ ችግር አይቶ ነው።

ከቆዳው ቁስል ይልቅ ተደብቆ የሚጎዳ ደግሞ አለ፤ እሱም ነርቭ ነው። ከአንገት ወርዶ ወደ ጠፍጣፋው አጥንት የሚሄድ አንድ ነርቭ፣ ከትከሻው መገጣጠሚያ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የአጥንቱን የፊት ጠርዝ ዞሮ ወደ ውጭ ይወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያልፈው፤ ትራስ የለውም። የጋሪ ፈረስ ማሰሪያው ልኩ ካልሆነና ያንን ቦታ ከጨቆነው፣ ወይም እንስሳው ከበር መቃን ጋር በትከሻው ከተላተመ፣ ነርቩ ይጎዳል። ከሸንተረሩ ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻሉ። ሸንተረሩ ብቻውን ገጥጦ ይወጣል፤ ሰው «ትከሻው ደረቀ» ይላል። ቀላል ጉዳት ከሆነ እረፍት ያድነዋል፤ ግን በወራት የሚቆጠር እረፍት ነው።

ሁለተኛው ነርቭ የክንዱን አጥንት ዞሮ ከክርኑ በላይ በውጭ በኩል ያልፋል። እግሩን ወደ ፊት የሚዘረጉትን ጡንቻዎች የሚያዝዘው እሱ ነው። በሬ ለመኮላሸት ወይም ሰኮናው ለመስተካከል ተጠልፎ ሲጣልና በድንጋያማ መሬት ላይ በአንድ ጎኑ ረጅም ጊዜ ተይዞ ሲቆይ፣ ይህ ነርቭ በራሱ በበሬው ክብደት ይጨፈለቃል። ሲለቀቅ ይነሣል፣ ግን ክርኑ ወርዶ፣ አንጓው ተጣጥፎ፣ የሰኮናውን ጫፍ እየጎተተ ነው። ባለቤቱ ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ አልተሰበረም፤ ከባድ ካልሆነ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ኦቾሎን በመሰለ ድንጋያማ ቦታ በሬ ከመጣሉ በፊት ሣር ወይም ወፍራም ገለባ መጎዝጎዝ፣ ሥራውንም ቶሎ መጨረስ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከብት በፊት እግሩ ሲያነክስ የመጀመሪያው ፍርድ «ትከሻው ወልቋል» የሚል ነው። ወጌሻ ይጠራል፣ ይታሻል፣ ይጎተታል፤ አንዳንዴም ትከሻው በጋለ ብረት ይተኮሳል። ለወጌሻ ጥበብ አክብሮት አለኝ። ግን በዚህ ላይ እውነቱ መነገር አለበት። የከብት ማንከስ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከትከሻ አይደለም፣ ከሰኮና ነው። በሁለቱ ጣቶች መካከል የገባ ጠጠር፣ እሾህ፣ ከጠርዙ የተሰነጠቀ ሰኮና፣ ከሥሩ የቋጠረ መግል። በብረት የተተኮሰው ትከሻ ጤነኛ ነበር፤ አሁን ቁስል ተጨመረበት፣ እሾሁ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩ ይነሣ፣ ይታጠብ፣ ይታይ። የትኛው እግር እንደሚያመው ለመለየት ደግሞ ራሱን መመልከት ነው። በሬው ቀስ ብሎ ሲነዳ፣ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ይስባል፤ ጤነኛው ሲረግጥ ራሱ ዝቅ ይላል። ክብደቱን ከታመመው ላይ ለማንሣት የሚያደርገው ነው።

አንድ ማንከስ ግን ሰዓት አይሰጥም። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው፣ ደህና የበላ ወይፈን ወይም ጊደር በድንገት ካነከሰ፣ ትኩሳት ካለው፣ ትከሻው ወይም ታፋው ላይ ያበጠው ቦታ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ፣ ይህ ወለምታ አይደለም፤ አባ ጎርባ ነው። ከአፈር የሚመጣ ተዋሲ ትልልቆቹን ጡንቻዎች እያበሰበሰ አየር ይሞላባቸዋል፤ እንስሳው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ማሸትም መተኮስም ጊዜ ማጥፋት ነው። የሞተው አይበላ፣ አይበለት፤ በጥልቁ ይቀበር። ክትባቱ በአገራችን፣ ቢሾፍቱ ላይ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ከወቅቱ በፊት የተከተበ ወይፈን እዚህ አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድሉ እጅግ ያነሰ ነው።

ከትከሻው ሳንርቅ፣ እጅ የሚያርፍበት አንድ የመጨረሻ ቦታ አለ። ከትከሻው መገጣጠሚያ ፊት፣ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አንገት ከትከሻ ጋር በሚገናኝበት እጥፋት ውስጥ፣ ከጡንቻ ሥር ሞላላ ንፍፊት ተቀምጧል። ጣቶችዎን አንድ ላይ አድርገው ወደ ኋላና ወደ ፊት ቢያንሸራትቱ ከሥር ሲሸሽ ይሰማዎታል። በጤነኛ ከብት ላይ ግራውና ቀኙ ተመሳሳይ ናቸው፣ ጎልተው አይታዩም። አንዱ ብቻ ካበጠ በዚያ በኩል ያለ ቁስል ወይም መግል መፈለግ ነው። ሁለቱም አብጠው ከብቱ ከከሳ፣ ፀጉሩ ከቆመ፣ የዓይኑ ውስጥ ከነጣ፣ በዚህ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገንዲ ነው። ገንዲን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ ነው፤ በ1997 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው የደቡብ ስምጥ ሸለቆ ፕሮጀክት፣ በጨረር የመከኑ ወንድ ዝንቦችን እስከ መልቀቅ ድረስ ሲታገለው የቆየው። ከደጋ ወርዶ ሜዳው ላይ ለማረስ የተገዛ በሬ ለዚህ በሽታ እንግዳ ነው። ገበያ ላይ ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን የሚያየው ገዢ፣ ሌላኛውን እጁን እዚያ እጥፋት ውስጥ ለትንሽ ጊዜ ያቆየው፤ ያበጠ ካገኘ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ገንዘቡን አይቁጠር።